ግቢ፦ ከቤተ መንግሥት እስከ ዶርም
የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም አንድ አንባቢ «ካምፓስ» የሚለው ቃል በአማርኛ ምን ይባላል ብለው ጠይቀውን፣ «ግቢ ይባላል፤ ተማሪውም የሚለው ይህንኑ ነው» ብለን በአንድ መስመር አልፈነው ነበር። ያቺ አንዲት መስመር ያልጠበቅነውን ያህል ደብዳቤ አመጣችብን። አንዳንዶቹ ስለ ቃሉ፣ አብዛኞቹ ግን በግቢ ውስጥ ስላሉት ሕንፃዎች፣ ስለ መኝታው፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱና ስለ ደረጃው የሚጠይቁ ስለሆኑ፣ የዚህን እትም አምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ለቀናል።

ጥያቄ፦ ልጄ በስድስት ኪሎ ትማራለች። ልጠይቃት በሄድሁ ጊዜ ግቢውን እያዞረች አሳየችኝና «አባዬ፣ ይሄ እኮ ቤተ መንግሥት ነበር» አለችኝ። ንጉሥ ቤቱን ለትምህርት ቤት ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅምና ነገሩ እንዴት እንደሆነ ብታስረዱኝ። (አንድ አባት፣ ከደሴ)

መልስ፦ ልጅዎ እውነቷን ነው። አስቀድመን ግን ወደዚያው ወደ ቃሉ እንመለስ። በእርስዎ አባትና በአያትዎ ዘመን «ግቢ ገባ» ሲባል ሰውየው ለንጉሥ ሊያገለግል፣ ደጅ ሊጠና ወይም ለግብር ተጠርቶ ቤተ መንግሥት ገባ ማለት ነበር። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት «ታላቁ ግቢ» ሲባል ኖሯል፤ በኋላም ቤተ መንግሥቱን የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት «ግቢ ሚኒስቴር» ተብሏል። ዛሬ «ልጄ ግቢ ገባች» የሚል ወላጅ ስለ ዩኒቨርሲቲ እንደሚናገር ለማንም አይጠፋም። ቃሉ ከአንዱ ትርጉም ወደ ሌላው የተሻገረው በብዙ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ስድስት ኪሎ ግን ቃሉ ሳይለወጥ ነዋሪው ብቻ የተለወጠበት ቦታ ነው።

ገነተ ልዑል የተባለው ይህ ቤተ መንግሥት የተሠራው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነገሡባቸው የመጀመሪያ ዓመታት፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት ነው። በወረራው ዘመን የጣሊያን እንደራሴዎች መቀመጫ ሆነ። ከነፃነት በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ገቡበት። በ1948 ዓ.ም. የንግሥናቸውን 25ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት፣ ማለትም የዛሬው ብሔራዊ ቤተ መንግሥት፣ ቢሠራም ገነተ ልዑል የቤተ መንግሥትነት አገልግሎቱን አላቋረጠም። ያቋረጠው የታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚልን በመጎብኘት ላይ ሳሉ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ በክብር ዘበኛ ኃይል ሥልጣን ለመያዝ ሞከሩ፤ መሳፍንቱንና ሚኒስትሮቹንም ወደ ገነተ ልዑል ጠርተው አገቷቸው። ሙከራው ሲከሽፍ ራስ አበበ አረጋይንና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ ብዙ ታጋቾች «አረንጓዴው ሳሎን» በሚባለው ክፍል ውስጥ በጥይት ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ ንጉሠ ነገሥቱ ገነተ ልዑልን መኖሪያቸው አላደረጉትም፤ በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ ዋናው ግቢ ይኸው ሆነ።

ስለዚህ «ንጉሥ ቤቱን ሲሰጥ አልሰማሁም» ያሉት ከልብ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ስጦታው ስጦታ መሆኑ አይካድም፤ ለከፍተኛ ትምህርት የነበራቸው ትጋትም የታወቀ ነው። ነገር ግን ሳሎኑ በደም የረጠበ ቤት ከዚያ በኋላ ግብር የሚገባበትና እንግዳ የሚታደምበት ሊሆን ይከብዳል ብለን ብናስብ ያጋነንን አይመስለንም። ሁለቱም ምክንያቶች አብረው ሊኖሩ ይችላሉ።

ከፍተኛ ትምህርት ራሱ የተጀመረው እዚህ እንዳልሆነም ልብ ይበሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ጀስዊት ማኅበር) ቄስ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት አራት ኪሎ ላይ ማስተማር የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። ዩኒቨርሲቲው ሲቋቋም የአራት ኪሎው ኮሌጅ፣ የምሕንድስናው ኮሌጅ፣ የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ፣ የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ በአንድ ስም ሥር ተሰበሰቡ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዛሬም በከተማው ውስጥ ተበታትኖ የሚገኘው ከዚህ የተነሣ ነው፤ አንድ ቦታ ተመርጦ፣ በአንድ ፕላን የተገነባ ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ልጅዎ ለአንድ ጉዳይ ከስድስት ኪሎ አምስት ኪሎ፣ ከአምስት ኪሎ አራት ኪሎ ስትመላለስ እግሯ የሚከፍለው የዚህን ታሪክ ዕዳ ነው።

ጥያቄ፦ በስድስት ኪሎ ሙዚየም ፊት ለፊት እየጠመዘዘ የሚወጣ ነገር ግን የትም የማያደርስ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። አናቱ ላይ ትንሽ አንበሳ ተቀምጧል። አንዱ አስጎብኚ «ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚህ ደረጃ ላይ ነው» አለን፤ ሌላው ደግሞ አይደለም አለ። (የቱሪዝም ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለተኛው አስጎብኚ ትክክል ነው፤ የመጀመሪያው ሁለት ታሪክ አደባልቆብሃል።

ደረጃው የጣሊያኖች ሥራ ነው። ሙሶሊኒ በጥቅምት 1915 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ያለውን እያንዳንዱን ዓመት አንድ እርከን እንዲያመለክት ተደርጎ ነው የቆመው። የሚያደርሰው ቤት የሌለው ለዚህ ነው፤ ለመውጣት የተሠራ ሳይሆን ለመቁጠር የተሠራ ደረጃ ነው። የጣሊያን አገዛዝ ኢትዮጵያ ውስጥ በ1933 ዓ.ም. አበቃ። ከዚያ በኋላ የይሁዳ አንበሳ ምስል በመጨረሻው እርከን ላይ እንዲቀመጥ ተደረገ። ሐውልቱን ማፍረስ ቀላል ነበር፤ በላዩ ላይ አንበሳ ማስቀመጥ ግን ሁሉንም እርከን የአንበሳው መቀመጫ አድርጎታል። በዚህ ግቢ ካሉት ነገሮች ሁሉ በጥቂት ሲሚንቶ ብዙ የተናገረው ይህ ይመስለናል።

ቦምቡ የተወረወረው በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቦታው የቤተ መንግሥቱ ሕንፃ ራሱ ፊት ለፊት ነው። ግራዚያኒ የኢጣሊያ አልጋ ወራሽ ልጅ በመወለዱ ለድሆች ምጽዋት ለማደል ሕዝቡን ሰብስቦ ሳለ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የእጅ ቦምብ ወረወሩ፤ ግራዚያኒ ቆሰለ፤ ወዲያውም በግቢው ውስጥ በተሰበሰበው ሕዝብ ላይ ተኩስ ተከፈተና ጭፍጨፋው ለሦስት ቀናት በከተማው ሁሉ ቀጠለ። የኢትዮጵያ መንግሥት ከነፃነት በኋላ ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው። ከዋናው በር ውጭ በአደባባዩ ላይ የቆመው፣ ዩጎዝላቮቹ ቀራጺዎች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የሠሩት የሰማዕታት ሐውልት የዚያ መታሰቢያ ነው። እንግዲህ ጎብኚ ስታስጎበኝ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ብትይዘው ጥሩ ነው፦ በመጀመሪያ አደባባዩ ላይ ሐውልቱን፣ ቀጥሎ የሕንፃውን ፊት፣ በመጨረሻ ደረጃውን። ደረጃውን አስቀድመህ ካሳየህ ሰው ሁሉ ፎቶ ሊነሣ ወደ እርሱ ይሮጥና የቀረውን አይሰማህም።

በሕንፃው ውስጥ ያለውን ሙዚየም ስላልጠየቅህ አናስረዝመውም። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት፣ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን ያደራጁት ደግሞ ፖላንዳዊው ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ እንደነበሩ፣ የባህል ዕቃዎቹም በብሔረሰብ ወይም በክልል ሳይሆን ከልጅነት እስከ ሞት ባለው የሰው ልጅ ዕድሜ ቅደም ተከተል እንደተደረደሩ ብትናገር ጎብኚው የሚያየውን ይረዳል። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍል እንደነበሩ ተጠብቀዋል፤ ብዙ ሰው የሚገረመው በመኝታው ግርማ ሳይሆን በመጠኑ ትንሽነት ነው።

ጥያቄ፦ ከአርባ ዓመት በፊት ስድስት ኪሎ ስንማር «ኦ.ሲ.አር.» እና «ኤን.ሲ.አር.» የምንላቸው ሕንፃዎች ነበሩ። የልጅ ልጄም ያንኑ ስም ስትጠራ ሰማኋት። አሁንም «አዲሱ» ነው? (ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከዋሽንግተን አካባቢ)

መልስ፦ አዎ፣ ጋሼ፣ አሁንም አዲሱ ነው። ኦ.ሲ.አር. የእንግሊዝኛው «የድሮው መማሪያ ክፍል»፣ ኤን.ሲ.አር. ደግሞ «አዲሱ መማሪያ ክፍል» አሕጽሮት እንደሆነ ለእርስዎ አይነገርም፤ ለወጣት አንባብያን እንጂ። በግቢ ውስጥ ሕንፃ ያረጃል እንጂ ስም አያረጅም። ራስ መኰንን አዳራሽ በንጉሠ ነገሥቱ አባት ስም እንደተጠራ ኖሯል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ በ1967 ዓ.ም. የንጉሡ ስም ተነሥቶለት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲባል፣ በአሜሪካ መንግሥት እርዳታ የተሠራው ዋናው ቤተ መጻሕፍት ግን በዚያ ፀረ ኢምፔሪያሊስት መፈክር በየግድግዳው በሚጻፍበት ዘመን እንኳ «ኬኔዲ» መባሉን አልተወም። ተማሪው «ኬኔዲ እንገናኝ» ሲል ስለ ፕሬዚዳንቱ አያስብም። ንጉሠ ነገሥቱ በመስከረም 1956 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ የኬኔዲ እንግዳ ሆነው፣ ሁለት ወር ሳይሞላ በኅዳር ለቀብራቸው ተመልሰው መሄዳቸውን ያስታውሱ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የምሠራው በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አቅራቢያ ነው። በቅርቡ ለሥራ ደብረ ማርቆስ ሄጄ የዩኒቨርሲቲውን ግቢ ሳይ የእኛኑ ያየሁ መሰለኝ፤ ደሴ ላይም እንዲሁ። ሕንፃዎቹ ለምን ይመሳሰላሉ? መሐንዲስ አጥተን ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ መሐንዲስ አጥተን ሳይሆን ጊዜ አጥተን ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ መንግሥት አሥራ ሦስት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎችን በአንድ ጊዜ ለመክፈት ሲወስን ግንባታው በጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት፣ በጂ.ቲ.ዜድ፣ አማካይነት በአንድ ፕሮግራም ሥር እንዲመራ ተደረገ። ያዩዋቸው ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ማርቆስና የደሴው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሦስቱም በዚያ ዝርዝር ውስጥ ናቸው። ለአሥራ ሦስት ቦታ አሥራ ሦስት ዓይነት ንድፍ ከማውጣት ይልቅ፣ የመማሪያ ሕንፃው፣ የመኝታው፣ የምግብ አዳራሹና የቤተ መጻሕፍቱ ንድፍ አንድ ጊዜ ተሠርቶ በየቦታው እንደ መሬቱ ሁኔታ እንዲተከል ሆነ። ያው ድርጅት በአዲስ አበባ ዝቅተኛ ወጪ ያለው የመኖሪያ ቤት ግንባታ እንዲጀመርም እጁ ስለነበረበት፣ የዩኒቨርሲቲው መኝታ የኮንዶሚኒየም መልክ ቢኖረው አይድነቅዎ።

ይህ አሠራር ጥቅም አለው። የአንዱ ሕንፃ መስኮት ቢሰበር የሌላው መለኪያ ያገለግላል፤ ሥራ ተቋራጩም የተማረውን ስሕተት በሚቀጥለው ቦታ አይደግመውም፣ ቢያንስ መድገም የለበትም። ነገር ግን ለደጋው የደብረ ብርሃን ብርድና ለቆላው የሰመራ ሙቀት አንድ ዓይነት ኮሪደር እኩል አያገለግልም። ደብረ ብርሃን ነፋስ የሚገባበት ክፍት ኮሪደር ተማሪን ያንዘፈዝፋል፤ ሰመራ ላይ ያው ኮሪደር የእግዜር በረከት ነው። አንድ ንድፍ ለሁሉም ሲባል ዋጋው የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚከፍለውም ንድፉን ያወጣው ሰው ሳይሆን በጠዋት ትምህርት ጋቢ ደርቦ የሚቀመጠው ተማሪ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ በዱባይ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። ዶርም ትግባ ወይስ ቤት ልከራይላት? ውኃ የለም፣ ምግቡም አይበላም ሲሉ እሰማለሁ። ምን ምን ይዛ ትሂድ? (እህት፣ ከዱባይ)

መልስ፦ እህታችን፣ ቢያንስ የመጀመሪያውን ዓመት ዶርም ትግባ እንላለን፤ ምክንያታችንን እንነግርሻለን።

ዶርም ማለት እንደ ግቢው ስፋት አራት፣ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ተማሪዎች በአንድ ክፍል፣ ባለ ሁለት ፎቅ የብረት አልጋ ላይ የሚያድሩበት ቤት ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሎከር ይሰጠዋል። በየሕንፃው ፕሮክተር የሚባል ተቆጣጣሪ አለ፤ የተበላሸ ቧንቧም፣ የጠፋ ቁልፍም፣ ከጓደኛ ጋር የተፈጠረ ጠብም መጀመሪያ የሚደርሰው ለእርሱ ነው፤ እህትሽ ስሙንና ቢሮውን በመጀመሪያው ቀን ትወቅ። ምግብ በካፌ፣ ማለትም በተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ፣ «ሚል ካርድ» በሚባል የምግብ ካርድ ይሰጣል። በካፌው መብላት የማይፈልግ ተማሪ «ነን ካፌ» ተብሎ ተመዝግቦ የምግቡን ገንዘብ በወር የሚቀበልበት አሠራር ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ አለ፤ ገንዘቡ ግን ለውጭ ምግብ ወር እስከ ወር አያደርስምና «ነን ካፌ ልሁን» ካለችሽ ልዩነቱን የምትሸፍኚው አንቺ መሆንሽን አስቀድመሽ አስቢው።

ሌላው ሰዎች የማይነግሩሽ ነገር የወጪ መጋራት ነው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ የመኝታውንና የምግቡን ወጪ፣ ከትምህርቱም የተወሰነውን ክፍል ከተመረቀ በኋላ ለመክፈል ውል ይፈርማል። ስለዚህ ዶርም በነፃ የተሰጠ ሳይሆን በዱቤ የተሰጠ ነው። በውጭ የምትከራይ ከሆነ የመኝታው ወጪ በውሉ ላይ እንዳይሞላባት ስትፈርም ታንብበው፤ ተማሪ ሁሉ ሳያነብ የሚፈርመው ወረቀት ቢኖር ይህ ነው።

ስለ ውኃው የሰማሽው ሐሰት አይደለም። ይህን አምድ የሚጽፈው ሰው ራሱ በተማሪነቱ አራተኛ ፎቅ ላይ በደረሰው ዶርም ውስጥ፣ ውኃው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ብቻ ይመጣ ስለነበር፣ ስድስት ልጆች በተራ እየነቁ ጀሪካን ይሞሉ ነበር። ታች ያሉት ፎቆች ቀን ሙሉ ውኃ ያገኙ ነበር፤ ግፊቱ ወደ ላይ አይደርስም ነበርና። ከዚህ የተረፈን ምክር አጭር ነው፦ ምርጫ ከተሰጣት ታችኛውን ፎቅ ትምረጥ። ይዛ የምትሄደው ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካንና ባልዲ፣ ሁለት አንሶላና ብርድ ልብስ፣ ለሎከሩ ጠንካራ ቁልፍ፣ ነጠላ ጫማ፣ ለሌሊት ጥናት የእጅ ባትሪ ነው። የኤሌክትሪክ ምድጃ አትላኪላት፤ በአብዛኛው የተከለከለ ነው፣ መስመሩም አይችለውም፤ ሲገኝም ይወረሳል።

ዶርም ትግባ ያልንሽ ግን ከምንም በላይ በጥናቱ ምክንያት ነው። የፈተና ሰሞን ላይብረሪው ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል፤ ተማሪው ባዶ መማሪያ ክፍል እየፈለገ «ስፔስ ይይዛል»፤ ማታ አምስት ሰዓትም ስድስት ሰዓትም ድረስ ያጠናል። ግቢ ውስጥ የምታድር ልጅ ከስፔስ ወደ አልጋዋ በአምስት ደቂቃ ትደርሳለች። ውጭ የተከራየችው ግን መንገዱን ፈርታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቷ ትገባለች፤ የተከራየሽላትም ክፍል መብራት ቢጠፋበት ማንም ጄኔሬተር አያስነሣላትም። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ጓደኛና መንገድ ስትለይ እንደገና ተመካከሩ።

ጥያቄ፦ የፊዚክስ መምህራችን አራት ኪሎ ግቢ ውስጥ ብረት የማይገባበት ቤት አለ ብለውናል። እውነት ነው? ለምን? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ መምህርህ ያሉህ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪውን ነው። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ፣ የዓለም ሳይንቲስቶች በጋራ ምድርን ለመለካት «ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት» ብለው በሰየሙት ጊዜ፣ አባ ፒየር ጉዋን የተባሉ ኢየሱሳዊ ቄስ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ግቢ ያቋቋሙት ነው። አባ ጉዋን በኋላ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ከገድልና ከዜና መዋዕል ሳይቀር እየለቀሙ ያጠናቀሩ ሰው ናቸው።

እንዲህ ዓይነት ቤት የሚሠራው የምድርን መግነጢሳዊ ኃይል ለመለካት ነው። ይህ ኃይል በቀን ውስጥ የሚያሳየው ለውጥ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ በቤቱ ግድግዳ ውስጥ ያለ ፌሮ ወይም የጣራ ሚስማር ይቅርና የለካው ሰው ኪስ ውስጥ ያለ ቁልፍ መሣሪያውን ሊያሳስተው ይችላል። ስለዚህ የመለኪያ ቤቶች በእንጨት፣ በድንጋይ፣ በመዳብና በናስ ይሠራሉ፤ የክፍሉ ሙቀት እንዳይለዋወጥም ግድግዳው ይወፍራል፤ የሚገባውም ሰው ሰዓቱን፣ ቀበቶውንና ስልኩን ውጭ ያስቀምጣል።

አዲስ አበባ የተመረጠችበት ምክንያት ከቤቱ ይልቅ ይጥማል። የኮምፓስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ልክ አግድም የሚተኛበት መስመር መግነጢሳዊ የምድር ወገብ ይባላል፤ ከተማችንም ለዚህ መስመር ቅርብ ናት። በዚህ መስመር ላይ ቀን ቀን፣ ከመሬት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ጠንካራ የኤሌክትሪክ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። ዓለም ላይ ይህን ጅረት ከሥሩ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ሳያቋርጥ የመዘገበ ቦታ ጥቂት ነው፤ አራት ኪሎ ከእነዚያ አንዱ ነው። ኦብዘርቫቶሪው ሲተከል በዙሪያው የነበረው ከተማ ጸጥተኛ ነበር። ዛሬ መኪናው፣ ፎቁና የኤሌክትሪክ መስመሩ ከየአቅጣጫው ገፍቶታል፤ ለእንዲህ ያለ ቤት ከተማ ማደጉ ራሱ አንድ ዓይነት ጎርፍ ነው።

ጥያቄ፦ በዊልቸር የምንቀሳቀስ ሴት ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ አመልክቼ ተቀበሉኝ፤ ክፍሉ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ሕጉ ምን ይላል? ደግሞስ ሳልፈራ ልጠይቅ፦ የገነተ ልዑልን ሙዚየም አንድ ቀን ማየት እፈልጋለሁ፤ እንደ እኔ ያለ ሰው ይገባል? (ከአዳማ)

መልስ፦ እንኳን ደስ አለዎት። በሕጉ እንጀምር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ሁሉ በዊልቸር የሚንቀሳቀሱትን ጨምሮ አካል ጉዳተኞች ሊገቡበትና ሊጠቀሙበት የሚያስችል መንገድ እንዲኖረው፣ መጸዳጃ ቤቱም በበቂ ቁጥር ለእነርሱ እንዲመች አዝዟል። አገሪቱም የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። መብቱ አያጠራጥርም። የሚያጠራጥረው አዋጁ ከመውጣቱ በፊት የተሠራ ሕንፃ መቼ ይታደሳል የሚለው ነው፤ የእርስዎ ትምህርት ደግሞ ሁለት ዓመት ነው፣ ሊፍት እስኪተከል አይጠብቅም።

ስለዚህ ምክራችን ሊፍት አይጠይቁ የሚል ነው፤ ወይም ይጠይቁ፣ ግን ሁለተኛ አድርገው። መጀመሪያ የሚጠይቁት ክፍሉ ወደ ምድር ቤት እንዲወርድ ነው። ይህ በጀት አይፈልግም፣ ጨረታ አይፈልግም፤ የሚፈልገው የፕሮግራሙን ሠንጠረዥ የሚያወጣውን ሰው አንድ ፊርማ ነው። ማመልከቻውን ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በጽሑፍ ያስገቡ፣ ግልባጩን ለሬጅስትራሩ፣ በዩኒቨርሲቲው የአካል ጉዳተኞች ጉዳይ የሚመለከተው ቢሮ ካለም ለእርሱ ያድርጉ፤ በራስዎ ቅጂ ላይ የተቀባዩን ማኅተምና ቀን ያስመቱ። ይህንን ትምህርት ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ወር ቀድመው ያድርጉት፤ ሠንጠረዡ አንድ ጊዜ ከተለጠፈ በኋላ አንዱን ክፍል ማንቀሳቀስ አሥሩን ማንቀሳቀስ ይሆናል።

ከዚያም አንድ ቀን ሰው ይዘው ግቢውን ይዙሩ። የመጸዳጃ ቤቱን በር፣ የላይብረሪውን መግቢያና የምዝገባ መስኮቱን ከፍታ በሜትር ይለኩ። «ራምፕ አለ» ቢባሉ ዓይተው ይመኑ። ተገቢው ራምፕ አንድ ሜትር ለመውጣት አሥራ ሁለት ሜትር የሚረዝም ነው፤ በየሕንፃው በር ላይ ለታይታ የተለሰነው ሁለት ሜትር የማይሞላ ቁልቁለት ግን ሲወጡበት ወደ ኋላ ይገለብጣል፣ ሲወርዱበት ወደ ፊት ይጥላል። እንዲህ ዓይነቱን ከደረጃ ይልቅ ይፍሩት።

ወደ ሙዚየሙ ጥያቄ ስንመጣ፣ የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ ከሁሉም ደብዳቤ የወደድነው ይህን ነው። ገነተ ልዑል ሲሠራ ደረጃ መውጣት የክብር ምልክት ነበር፤ እንግዳው ከታች ሆኖ ቀና ብሎ እንዲያይ የታሰበ ቤት ነው። ዕቃዎቹና የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት የሚታዩት በላይኞቹ ወለሎች ነው። ታሪካዊ ሕንፃ ስለሆነ ግድግዳውን አፍርሶ ሊፍት ማስገባት ቀላል ውሳኔ አይደለም፤ ይህ ግን እርስዎን ከበር ለመመለስ ምክንያት ሊሆን አይገባም። ጉብኝቱን ከሥራ ቀናት በአንዱ ያድርጉት። ከሦስት አራት ቀን በፊት ደውለው ከነዊልቸርዎ እንደሚመጡ ይንገሩና ማን እንደሚረዳዎ ስሙን ይጠይቁ። መታወቂያዎን በዋናው በር ያሳዩ። ላይኛው ወለል ያን ዕለት ካልተመቸዎት፣ ከሕንፃው ፊት ያለው ቦታ ሜዳ ነውና የጠመዝማዛውን ደረጃና የአንበሳውን ፎቶ ከዚያው ያንሡ። ያንን ደረጃ ማንም አይወጣበትም።